በሁዳዴ የገደፉት የኩሬ ነፍሳት

«ዛሬ የዓሣ ጫጩቶቼ ሆድ ሞልቶ አየሁ፤ ተመስገን።»

ይህን ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት በደርግ ጊዜ፣ ወረታ ከተማ እንቁላል ስነግድና ለኩሬዬ ዓሣ ሳረባ ነው።

በሁዳዴ እንቁላል ገዥ ስላጣ ቀቅዬ አስኳሉን በሦስት ጋን ለማሳድጋቸው ጫጩቶች በተንሁ። ውሃው ሸተተና ሁለት ጋን ሙሉ አለቁብኝ። የቀረው አንዱ ጋን ካለቀ ኩሬዬ ባዶ መቅረቱ ነው።

ጋኖቹን የሠሩልኝ ሸክላ ሠሪ፣ እማማ ጥሩ የሚባሉት፣ ሳቁብኝ። «አንተ፣ ኩሬ ዳር ጭቃ ስቆፍር አያለሁ፤ ዓሣ የሚያሳድደው የሚንቀሳቀሰውን ነው። አስኳሉን ለኩሬው ጥቃቅን ነፍሳት አብላ፤ ነፍሳቱን ለዓሣ።»

ነፍሳቱን ከኩሬው ቀድቼ ባዶ በቀረው ጋን አስኳል በውሃ በጥብጬ አበላኋቸው፤ በማግስቱ በሻሽ አጥልዬ ለጫጩቶቹ ሰጠሁ። እየተሻሙ በሉ።

ጎረቤቴ መምሬ ጋኑንና አስኳሉን አይተው፣ «ዓሣህ ጾም ገደፈ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ የገደፉት ነፍሳቱ ናቸው» አልኩ።

እናንተስ ሊሞትባችሁ የነበረ እንስሳ በማን ምክር ተረፈላችሁ?