መሪውን ማን ነበር የያዘው?

ግላፊራ ከጀርመን ጋር ከተደረገው ጦርነት በፊት በሩሲያዋ ከተማ በሳራቶቭ የበረራ ክበብ አስተማሪ ነበረች። ከእንጨትና ከሸራ በተሠራች የማሠልጠኛ አውሮፕላን ስንቱን ጎረምሳ ስታስተምር፣ እጇን ከመሪው አንሥታ አታውቅም። ጦርነቱ ሲመጣ ያችው አውሮፕላን ቦምብ ታጥቃ ግንባር ወረደች። ግላፊራም አመሏን ይዛ አብራት ሄደች።

በሌሊት ቦምብ የሚጥለው ክፍሏ ሴቶች ብቻ ያሉበት ነው፤ ሴቶቹም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አውሮፕላኗ የማሠልጠኛ ስለሆነች መሪዋ ከፊትም ከኋላም አለ። ስለዚህ ቦምቡ ከተጣለ በኋላ አብራሪዋ ትንሽ ታሸልባለች፤ ከኋላ ካርታ ይዛ የተቀመጠችው ደግሞ ትነዳለች። ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ የሚያድር ሰው ሌላ ምን መላ አለው? ግላፊራ ብቻ አሻፈረኝ አለች።

ከኋላዋ የምትቀመጠው ቶስያ ገና ልጅ ናት፤ በመነጋገሪያው ቱቦ መለመን አይሰለቻትም።

«ግላፊራ ሴምዮኖቭና፣ ትንሽ ዓይንዎን ይክደኑ እንጂ። እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺ ካርታሽን ያዢ።»

«ካርታው መች ደከመው? የደከመዎት እርስዎ ነዎት።»

«ያንቺስ ምላስ መች ይሆን የሚደክመው?»

እውነቱን ለመናገር በልጅቷ ላይ አንድም ጥፋት አላየችም። ነፍሷን በሰው እጅ መተው ግን ያስፈራታል፤ ከጠላት ጥይት የባሰ ያስፈራታል።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ በመልስ ጉዞ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ስትባንን እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ መሪው ብቻውን ይወዛወዛል። «ልጅቷ ተሳካላት፤ መሪውን ያዘችው» አለች በሆዷ፣ ተናዳም ተገላግላም። ዞር ስትል የቶስያ ራስ ደረቷ ላይ ወድቋል። ልጅቷ ግላፊራ መቼም መሪ እንደማትለቅ አምና ለጥ ብላለች። ፀሐይዋም ከፊታቸው መሆን ሲገባት ከኋላቸው ናት፤ ወደ ጠላት እየበረሩ ነበር። ግላፊራ መሪውን ጠመዘዘች፤ ቶስያም ባነነች። በተንጠፈጠፈ ነዳጅ፣ ከሁሉም ዘግይተው ሜዳው ላይ ሲያርፉ፣ አዛዥዋ ቆመው ይጠብቃሉ።

«መሪውን ማን ነበር የያዘው?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም እኩል።

«ሁለታችሁም ከያዛችሁት እንግዲህ ማንም አልያዘውም» አሉ አዛዥዋ። «ቶስያ ከዛሬ ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር ትበራለች።»

«ጓድ አዛዥ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ግላፊራ። «አንድ ቀን እንኳ አምኜ ብሰጣት ነቅታ ትጠብቀኝ ነበር።»

«ለምን አልሰጠሻትም?»

«ፈርቼ።»

«እንግዲያው ዛሬ ስጫት» ብለው አዛዥዋ ሄዱ።

በዚያው ቀን ሌሊት ቦምቡን ጥለው ሲመለሱ ግላፊራ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አነሣች፤ ከኋላ ያለችው እንድታይ። ነፋሱ ጣቶቿን ገረፋቸው። መሪው ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«ይዤዋለሁ» አለች ቶስያ።

ግላፊራ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ እንባዋም መጣ። እጇን ግን ወደ መሪው አልመለሰችም።