አፍ ገጥሞ ጎርፍ መጋለብ

ባለፈው እሁድ ልጄ ስልኳን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችልኝ። አንድ ሰውዬ ፎቅ በሚያክል የባሕር ማዕበል ላይ፣ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ቆሞ ቁልቁል ይንሸራተታል። «እማዬ፣ ይሄ እኮ እብድ ነው!» አለች። እኔ ያየሁት አፉን ነው። ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ወዲያው የማስቲሽ ሽታ መጣብኝ፤ ፀዳ ያለው ሳሎኔ ውስጥ ማስቲሽ ከየት መጥቶ!

ይኸውላችሁ፣ አባቴ ቁስቋም ሰፈር ጎሚስታ ነበር። ግቢያችን በጎማና ጎማ ውስጥ በሚነፋ ካላማዳሪያ የተሞላ ነበር፤ እኔም በአሥራ አምስት ዓመቴ ከሱ የማላንስ ለጣፊ ነበርኩ። ክረምት ሲሆን ያረጀ ካላማዳሪያ ነፍተን ቀሃ ወንዝ እንወርዳለን። ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ጎርፉ ቆይቶ ነው የሚደርሰው፤ መጀመሪያ የአፈር ሽታ፣ ቀጥሎ ጉምጉምታው ይመጣል። ፊተኛው ማዕበል ግንድና እሾህ ይዞ ስለሚመጣ እናሳልፈዋለን። ሁለተኛው ላይ ዘለን እንወጣና እስከ ድልድዩ እንጋልበዋለን።

ከሁላችን የሚበልጠው የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ፣ ዲያቆኑ ነበር። እኛ እየጮህን ስንወርድ እሱ ጉንጩን ነፍቶ፣ አፉን ገጥሞ ይወርዳል። ፍልሰታ ነዋ! በየቀኑ ከሰዓት ይቆርባል፤ የሚቆርብ ሰው ደግሞ ጠብታ ውሃ አይቀምስም።

አንድ ጠዋት ቀሃ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ መጣ። እንዲያ ያለ ውሃ አይተን አናውቅም። ዲያቆኑ ግን የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀድስ ነው፤ አባቱ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩን ሲጠሩ ሰንብተዋል። «ዛሬስ ይቅርብኝ» አለኝ። «ፈራህ እንዴ?» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ካላማዳሪያውን ይዞ ተከተለኝ።

ከችኮላዬ የተነሳ የኔን ካላማዳሪያ የለጠፍኩት ማስቲሹ ሳይደርቅ ነበር። መሐል ስንደርስ ከሥሬ ሲተነፍስ ሰማሁት። ተልፈሰፈሰ፤ እኔም ሞኟ የአባቴ ዕቃ ነው ብዬ ሙጭጭ አልኩበትና አብሬው መስመጥ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት። «ልቀቂው! እጄን ያዢ!» ጎርፍ ላይ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ነበር። ጭቃው ውሃ ሞላበት፤ ሲውጠውም አየሁ። እሱ ላይ ተንጠልጥዬ ድልድዩ ሥር ወጣን። ሳልን፣ ሳቅን፣ እንደገና ሳልን። ድንገት ሳቁን አቆመና «ዋጥኩት» አለ።

«ማን አየህ?» አልኩት።

ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞላው። እሱ ልብሰ ተክህኖውን ሳይለብስ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሟል። አባቱ መጡ።

«ምነው ልጄ?»

«ውሃ ዋጥኩ፣ አባ።»

ይህን ብቻ አለ፤ የኔን ስም አላነሳም። ሮጬ ሄድኩና «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ልጣፉ ለቆብኝ እኔን ለማዳን ብሎ ነው አፉን የከፈተ» አልኩ። ቄሱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«እስከ ድልድዩ ደረሳችሁ?» አሉ በዝግታ።

«ደረስን።»

«ሸጋ» ብለው ሌላ ዲያቆን ሊፈልጉ ዞሩ። ከኋላቸው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዲያቆኑ ግን «እየሳቁ ነው» አለኝ።

መስከረም ሲጠባ ቅኔ ሊማር ጎጃም ሄደ። የጫማውን ሶል በካላማዳሪያ ቁራጭ ለጠፍኩለት፤ ማስቲሹን ሁለት ቀን አደረቅኩት። እወደው ነበር። ስሸኘው ልነግረው አስቤ «ጫማህን ውሃ አታስነካው» ብዬ ተመለስኩ።

ዛሬ ተመልሶ እዚያው ሰፈራችን ደብር ቄስ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። እኔም ልጄን በክረምት ወንዝ ዳር አላስደርስም። ባለፈው ፍልሰታ መስቀሉን ልሳለም ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጉንጩን ነፍቶ፣ አፉን ገጥሞ ያየኛል።

እኔም ጉንጬን ነፋሁለት።