ለመጋዙ የተቀዳ ውኃ

ሰሞኑን በቤቴ በር ላይ ቦይ ተቆፍሮ፣ የድሮው ግራጫ የውኃ ቧንቧ እየወጣ በፕላስቲክ ይተካል። ትናንት ቀረብ ብዬ ላይ ስል፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ወጣት መሐንዲስ በእጁ መለሰኝ። «እማማ፣ ራቅ ይበሉ። አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ይህንኑ ቃል እዚሁ ንፋስ መውጫ ከተማ ቆሜ ስናገር፣ የእሱ እናት እንኳ ገና ልጅ ነበረች።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከጎንደር ተመርቄ የመጣሁ ሳኒታሪያን፣ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነበርሁ፤ ሕዝቡ ግን ሽንት ቤት ቆፍሩ እያልሁ ስለምነዘንዘው «የሽንት ቤቷ ልጅ» ይለኝ ነበር። ስሙ አልከፋኝም፣ ቆፍረዋላ!

በዚያ ግንቦት ለከተማዋ ቧንቧ ይዘረጋ ጀመር። ሴቱ ዕድሜውን እንስራ አዝሎ ዳገት ሲወጣ የኖረ ነውና ደስታው ልክ አልነበረውም። ቧንቧው አስቤስቶስ ከሚባል ቃጫ መሰል ማዕድንና ከሲሚንቶ የተሠራ ነው። በመጋዝ ሲቆረጥ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይቦናል፤ ቆራጩ አዳነ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሲያስል ይውላል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ ያንን ብናኝ እየጠረጉ በቁና ወደ ቤት ይወስዱ ነበር። ለካ ከጭቃና ከእበት ጋር እያቦኩ መደባቸውን ለስነውበታል!

«እንዴት ያለ ልስን መሰለሽ! ቁንጫ እንኳ አይደፍረውም» አሉኝ። ደነገጥሁ።

መምህራችን ስለ አስቤስቶስ ሲያስተምሩን፣ ብናኙን መተንፈስ ሳንባን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፣ በቧንቧው ያለፈውን ውኃ መጠጣት ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ግን ሊቃውንቱን እያከራከረ ነው ብለውን ነበር። ወደ ፎርማኑ፣ ወደ ጋሽ ዘለቀ ሄድሁና እያረጠባችሁ ቁረጡ አልኋቸው።

«በግንቦት? ሰው የሚጠጣው አጥቶ እኔ ለመጋዝ ውኃ ላፍስስ? ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ውኃው ይወርዳል ተብሏል፤ ሥራው ቢጓተት ማን ይመልስልኛል?» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከላይ የሚጮህባቸው ነበር።

ወሬው ግን ቀደመኝ። ገበያው ሁሉ «ቧንቧው መርዝ ነው» ይል ጀመር፤ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የአውራጃው ካድሬ ለብቻዬ አስጠርቶ፣ «ጓዲት፣ ምንም ጉዳት የለውም ብለሽ ተናገሪና ነገሩ ይለቅ» አለኝ። በዚያ ዘመን የካድሬን ቃል መተላለፍ ምን እንደሚያስከትል ማንም ያውቃል። በስብሰባው ለመናገር ተነሳሁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀደሙኝ። «እስቲ አንቺ ልጅ፣ ሳትሸፋፍኚ ንገሪን። ያንን ውኃ ልጆቼን ላጠጣ ወይስ ልተው?»

«ብናኙ ይጎዳል፤ ይህን አውቃለሁ» አልሁ። «አዳነ እየተነፈሰው መዋል የለበትም። እርስዎም መደቡን አይፋቁት፤ ላዩን በንጹሕ ጭቃ ይድገሙት። ውኃው ይጎዳ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ የተማሩትም ገና አልተስማሙም። የማውቀው የምንቀዳው ያልተከለለ ምንጭ በየክረምቱ በተቅማጥ ሕፃናት እየገደለብን መሆኑን ነው። እኔ ከቧንቧው እጠጣለሁ።»

ካድሬው ፊቱን አጠቆረ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፉና፣ «ታዲያ ይህ ምን ጭቅጭቅ ያስፈልገዋል? ለአዳነ መጋዝ የሚሆነውን ውኃ እኛ እንቀዳለን። ስንሸከም ኖረን የለም እንዴ!» አሉ።

«ውኃው ከመጣማ እኔን ምን ከፋኝ» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

በማግስቱ ሴቶቹ፣ የከተማዋ ሙስሊም ነጋዴዎች ሚስቶች ጭምር፣ ተራ ገብተው እንስራ እያዘሉ ከምንጩ መጡ። አንዷ ታፈሳለች፣ አዳነ ይቆርጣል፤ ብናኙ ጭቃ ሆኖ መሬት ይቀራል። የገብስ ቆሎ በየኪሱ፣ ተረቡ በየአፉ ነበር። አዳነን «እኛ ሙሽራ አጣቢ ሆንን» እያሉ ያስቁት ነበር። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሸክሙን እስኪረከባቸው ድረስ አንድም ቀን አልቀሩም። ውኃው ለበዓሉ ወረደ፤ ካድሬውም ሰላምታ ነሳኝ እንጂ ሌላ አላደረገኝም።

ብዙ ሽንት ቤት አስቆፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ ደረቴን ነፍቼ የምሄደው ግን በዚያ ስብሰባ «አላውቅም» በማለቴና እነዚያ ሴቶች አምነውኝ እንስራቸውን በማንሳታቸው ነው።

ትናንት ወደ ቤቴ ልመለስ ስል፣ መጋዙን የሚያረጥቡበት የመሐንዲሱ በርሜል ባዶ ሆነ። «እንግዲህ እንዲሁ በደረቁ ቁረጡት» ሲል ሰማሁ። ገብቼ ለቀኑ ያጠራቀምሁትን ጀሪካን ውኃ ይዤ ወጣሁ።

«እማማ፣ መስመሩ ተዘግቷል እኮ! ለራስዎስ?»

«አንተ ቁረጥ» አልሁትና መጋዙ ላይ አፈሰስሁለት።