ከ«ዋተር» ጋር ቤት የሚመታው

ግንበኛው ሚስቱን ለሰው ሲያስተዋውቅ የማትቀር ቀልድ ነበረችው። «እኔ ቤት እሠራለሁ፣ እሷ ቤት ትመታለች» ይላል። ራሱ ተናግሮ ራሱ ይስቃል። ቀልዷን መቶ ጊዜ የሰማችው ሚስቱም፣ ደግ ሴት ናትና፣ መቶ ጊዜ ፈገግ ብላለታለች።

ቀልድ ትሁን እንጂ ሐሰት የለባትም። ሴትዮዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረችው ቤት በሚመቱ ቃላት ነው። ሰዋስው ሲጀመር ክፍሉ በሙሉ እንደሚያንቀላፋ ገና በመጀመሪያው ዓመት ገባትና፣ «ሙን» ብላ ትጥልላቸዋለች፤ ልጆቹ «ስፑን»፣ «ኑን»፣ «ሱን» እያሉ ይሻማሉ። ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎባታል፤ ልጆቹ ግን አንድ ጊዜ የያዙትን ቃል አይረሱትም ነበር። ቃላቱን የምታጠራቅምበት፣ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ሽንኩርት እየላጠች እንኳ አንድ ቃል ብልጭ ካለላት ቢላዋውን ጥላ ሄዳ ትጽፋለች። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። ባሏም ሲናደድ «ቲቸር» ይላታል።

ያመማት እዚያው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ነው። መጀመሪያ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፣ ልጆቹም ሳቁ። ቀጥላ እሷ ወደቀች።

ስትሮክ ነው ተባለ። ሦስት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ቀኝ ጎኗ እንደዛለ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ሐኪሙ ግንበኛውን ወደ ጥግ ጠራና ያላሰበውን ነገር ነገረው። የምትሏትን ትሰማለች፤ መናገር ላይ ግን አማርኛው ከአፏ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። የቀራት ቁርጥራጭ እንግሊዝኛ ነው። «አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ግንበኛው እንግሊዝኛ የሚያውቀው ሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። ፊደሉን ይለያል፤ ያነባል ማለት ግን ማጋነን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት ሊሰማት የማይችል እንግዳ ሆኖ ቁጭ አለ።

መከራው በዚህም አላበቃም፤ የቀራትም እንግሊዝኛ ጠማማ ነበር። ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን «ሬን» አለች። ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ መርፌዋን ልትወጋት የምትመጣ ጎረቤት ነበረች፤ ነርስ ናት፣ የድሮ ተማሪዋም ናት።

«ዝናብ ነው የሚሉት» አለች ነርሷ።

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። ግንበኛው ግራ ቢገባውም መስኮቱን ዘጋ። ሴትዮዋ ግንባሯን ላብ እያጠመቀው «ሬን» አለች እንደገና። መስኮቱን ከፈተው። ነርሷ ድንገት አፏን ያዘች።

«ጋሼ፣ ቲቸር እኮ ቤት እየመቱ ነው። ሬን ሊሉ አይደለም፣ ፔን ነው። አሟቸዋል።»

ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል። የፈለገችውን ቃል ልታነሳ ትሞክራለች፣ ምላሷ ላይ የሚመጣው ግን ጎረቤቱ ነው። ዕድሜ ልኳን ጎን ለጎን ያስቀመጠቻቸው ቃላት አሁን ቦታ ተለዋወጡባት። ማንኪያ ስትፈልግ ጨረቃን ትጠራለች። የተሳሳተው ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷ ትሰማዋለች፤ ሰምታም ታለቅሳለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስታርም የኖረች ሴት፣ የራሷን ስህተት ማረም አቃታት።

ግንበኛው ሰነፍ ሰው አይደለም፣ ይህንን አልነፍገውም። ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያ አወጣና እንደ አዲስ ሥራ ያዘው። ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ወፍራም ጣቱን በቃላቱ ላይ እያስኬደ ይፈልጋል። ዘዴው የራሱ ነው፤ የቃሉን ጅራት ይይዝና ጅራቱ ከሱ ጋር የሚገጥመውን ያስሳል፣ ልክ ብሎኬት ከብሎኬት እንደሚያጋጥመው። «ሬን» እና «ፔን» በጅራታቸው ይገጥማሉ። «ሙን» እና «ስፑን»ም እንዲሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማንኪያዋን፣ ሕመሟን፣ ወንበሯን፣ አልጋዋን ለየ። ያገኘላት ቀን ግራ እጇን ታነሳና ጉንጩን ትነካዋለች፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ይውላል።

አንድ ቀን ግን «ሆፕ» ብላ አስጨነቀችው። ሆፕ ተስፋ ነው፣ ይህቺን ያውቃታል። ጅራቱን ይዞ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ቢያስስ የሚገጥም ነገር አጣ። ማታ ነርሷ መጥታ ገና ከበሩ «ሶፕ ነው ጋሼ፣ ሳሙና። ገላቸውን መታጠብ ፈልገዋል» አለችው።

«ጅራታቸው አይመሳሰልም እኮ!»

«ቤት የሚመታው በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም። ቲቸር ይህን ስንቴ ገርፈው አስተምረውናል መሰለዎት።»

እሺ አለ። የገባው መሰለው።

እንግዲህ «ዋተር» የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከሁሉም ቃል አብልጣ የምትለው እሱን ነበር። «ዋተር» ትላለች ጠዋት፣ «ዋተር» ትላለች ቀትር ላይ። ውሃ መሆኑን ማንም ያውቃል፣ ደብተር አያስፈልገውም። ግንበኛው ከጆጉ በኩባያ ቀድቶ ያመጣላታል። አንድ ጊዜ ትጎነጭለታለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ትገጥማለች። ኩባያውን ራስጌዋ ካለው ኮመዲኖ ላይ ያስቀምጥላታል። ጥቂት ቆይታ ወደ በሩ አየት ታደርግና «ዋተር» ትላለች። የቆየ ውሃ አስጠልቷት ይሆናል ብሎ ያንን ደፍቶ አዲስ ያመጣል። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሰው ነውና አንዳንዴ ይነጫነጫል፣ «አሁን ሰጠሁሽ እኮ አንቺ ሰው» ይላታል። ሌላው ቃሏ ሁሉ ተጣሞ ሲወጣ ይህ አንዱ ብቻ እንዴት ቀና እንደሆነ አልጠየቀም።

ልጅ አለቻቸው፣ አንዲት ሴት። አባቷ ትንሽ ሆና ሥራ ቦታ እየወሰዳት፣ በውሃ ልኩ ውስጥ ያለችውን አረፋ እንድታይ እየሰጣት አሳደጋት። እሷም በዚያው የግንባታ መሐንዲስ ሆነች። ከሁለት ዓመት በፊት ከግንባታ ቁጥጥር ተልካ አባቷ ወደሚሠራበት ፎቅ መጣች። አንዱን ምሰሶ በመዶሻ ጀርባ ኳ ኳ አደረገችና፣ «አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ስንት ብረት አለ?» አለችው።

«ስድስት» አለ።

አስፈለጠችው። አራት ነበር። ባለቤቱ ቀንስ ብሎት ነው የቀነሰው፣ ሲቀንስም ልቡ ያውቀዋል። ሠራተኞቹ ሁሉ አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ። ልጅቷ ድምፅዋን ሳታሰማ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፣ ምሰሶዎቹም ፈረሱ። ያን ዕለት ቤት ሲገባ ለሚስቱ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰው ፊት አንገቴን አስደፍታኛለች፣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ። ልጅቷ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ሌላ ከተማ ገባች። እናትና ልጅ በስልክ ይገናኙ ነበር፣ እሱ ጓሮ ሲወጣ።

ሚስቱ በወደቀች በሦስተኛው ቀን ስልኳ ሲጮህ አየው። «ልጄ» ይላል። አላነሳውም። በአንድ ጣቱ «ደህና ነኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው፣ ሲሠራልኝ እደውላለሁ» ብሎ ጻፈና ስልኩን አጠፋው። ሲሻላት ራሷ ትነግራታለች ብሎ አሰበ። ነርሷ ስትጠይቀው «ነግሬያታለሁ፣ ሥራ ይዟት ነው» አላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ተኝታ ደብተሩን ሲያገላብጥ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አገኘ። እንዲህ ይላል፤ «እነዚህ ሁለቱ ለዓይን መንታ ናቸው፣ ለጆሮ ግን አይተዋወቁም።» ከሥሩ ጅራታቸው አንድ የሆነ ሁለት ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ። ነርሷ መርፌዋን ስታዘጋጅ አሳያት።

«ይቺ ላፍተር ናት፣ ሳቅ» አለች። «ይቺ ደግሞ ዶተር፣ ሴት ልጅ። ተማሪ ሁሉ እዚህች ላይ ይወድቃል።»

«ታዲያ ሴት ልጅ ከምን ጋር ነው ቤት የምትመታው?»

«ይኸው ከሥር ጽፈውታል። ከስሎተር፣ እርድ ማለት ነው። ደግሞ ከዋተር...»

ሁለቱም ኮመዲኖው ላይ ያለውን ኩባያ አዩ።

«ጋሼ» አለች ነርሷ ቀስ ብላ፣ «ልጅቷ ለምንድነው የማትመጣው?»

«ትመጣለች» አላት።

እዚህ ላይ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ሰውየው አላወቀም ነበር ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አውቋል። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ወደ በሩ አይታ «ዋተር» ስትል፣ ግንበኛው ተነስቶ ውሃ ቀዳላት። ዓይኗን ሳያይ ሰጣት። በሦስተኛው ቀን ስልኳን ከመሳቢያ አውጥቶ ቻርጅ አደረገውና መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቢደውል ምን ይላል? መልእክቱን ማን ጻፈው ልትለው ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ያ ምሰሶ አለ፤ ልክ ነበርሽ ሳይላት እንዴት ነይ ይላታል? ነገ እላለሁ እያለ ውሃውን አመላለሰ። እልህ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪሙም አላየለትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ ዝም አለች። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጠራችም፣ በሩንም አላየችም። ኩባያውን ራሱ ይዞላት ቀረበና «ዋተር?» አላት፣ ተማሪ እንደሚጠየቅ። አላየችውም። ያኔ ስልኳን ከመሳቢያው አውጥቶ ደወለ።

«እናትሽ ትጠራሻለች፣ ቶሎ ነይ» አለ። ልጅቷ ስልኩን ዘጋች።

በማለዳው አውቶቡስ ተነሳች። እናቷ ልጅቷ ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ ረፋድ ላይ ዐረፈች።

ልጅቷ ስትደርስ በሩን የከፈተችላት ነርሷ ናት። ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን ግራ እጅ ያዘች። ስለ መልእክቱ አልጠየቀችም፤ ማን እንደጻፈው ገብቷታል። አባቷ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ቆሟል።

«ጠርታኝ ነበር?» አለች ቀና ሳትል።

ነርሷ መሬት መሬቱን አየች። ግንበኛው ደብተሩን ከኮመዲኖው ላይ አንስቶ ገጹን ገለጠና ለልጁ ሰጣት። የእናቷ ጽሑፍ ነው። አነበበችው። መሐንዲሷ ምንም ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ እሷም የዚያች ክፍል ተማሪ ነበረች።

«ዋተር ትል ነበር?»

«ትል ነበር።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዛሬ» ቢላት ፈልጣ የምታረጋግጠው ምሰሶ የለም። ነርሷም አታጋልጠውም ነበር፣ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ግንበኛው ኩባያውን አየ። እስከ አፉ ሞልቷል።

«አሥራ ሦስት ቀኔ» አለ።

ልጅቷ ደብተሩን ዘጋችው። ያኔ ምሰሶው ፊት በነበራት ድምፅ ጠየቀችው።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩትም» አለ ግንበኛው። «ጆጉን በቀን ሁለቴ እሞላው ነበር።»