ስንጥቅ ያልነበረበት ሰደፍ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝሁትም። ከፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት እየዘረዘርሁ፣ ይህን አንዱን በልቤ እንደያዝሁ እነሣ ነበር። ዛሬ ለማታውቀኝ ለአንተ፣ ለአንባቢዬ እነግርሃለሁ። ፊትህን ስለማላይ ነውን? ምናልባት ፈሪነቴ ገና አልለቀቀኝ ይሆናል።

ጎንደር አራዳ በአጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት እሠራ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን የምጠብቅበት ክረምት ነው። ከወንበርና ከሣጥን ጎን የጠመንጃ ሰደፍ እንጠግናለን። የተሰነጠቀውን መጠገን ተፈቅዶልናል፤ ሰደፍ መለወጥ ግን ያለ ፖሊስ ፈቃድ ክልክል መሆኑ ተነግሮን አጎቴ ፈርሞበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የተሰረቀ መሣሪያ እንጨቱ ከተለወጠ ባለቤቱ እንኳ ላይለየው ይችላል።

አያ ደምሌ ከሳንጃ በኩል የመጡ ገበሬ ነበሩ። የአባታቸው ምንሽር ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆባቸው ይዘውት መጡ። ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር በዝገት ስለ ጠፋ ጠመንጃው የሚታወቀው በእንጨቱ ብቻ ነበር፤ በተቀረጸበት መስቀል፣ በናስ ምስማሮቹ፣ ጉንጭ ባረፈበት ጎድጓዳ።

«ምነው እንዲህ ታገላብጠዋለህ? ልታገባው ነው?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «በጥሬ ቆዳ ሸጋ አድርገህ እሰርልኝ። እንጨቱን እንዳትለውጥብኝ፤ አባቴ ጉንጩን ያሳረፈበት ነው። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የታናሽ ወንድሜም ነው።»

ስንጥቁ ሰደፉ ሳይፈታ ሊታሰር ይችል ነበር። እኔ ግን አዋቂ ነኝ ብዬ ብረቱን ከእንጨቱ ልለይ ተነሣሁ። የዛገው ብሎን እንቢ ሲለኝ በመዶሻ መታሁት። ሰደፉ ለሁለት ተሰበረ።

እኔ ሰበርሁት። ያን ዕለት መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርሁም። አጎቴ ለሥራ እንፍራንዝ ሄዶ ስለ ነበር የሚያየኝ አልነበረም። ከዋንዛ አዲስ ሰደፍ ጠረብሁ፤ በተቃጠለ ዘይት አጠቆርሁት፤ መስቀሉን ቀረጽሁ፤ ምስማሮቹን ከአሮጌው ነቅዬ ተከልሁበት፤ የጉንጩን ጎድጓዳ በብርጭቆ ስባሪ ፍቄ አወጣሁ። በመጨረሻም ምንም ስንጥቅ በሌለበት እንጨት ላይ እርጥብ ቆዳ ሰፍቼ አሰርሁ። ቆዳው እየደረቀ ጠበቀ። አያ ደምሌ ዳሰሱት፣ ደስ አላቸው፣ «እጅህ ይባረክ» ብለው ሄዱ።

ወንድማቸው ሲያነጣጥርበት ግን እንጨቱ ለጉንጩ እንግዳ ሆነበት። የአባታችንን ጠመንጃ ሸጠህ ሌላ አመጣህ ብሎ በሽማግሌ ከሰሳቸው። አያ ደምሌ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው፣ እጃቸውን ሰደፉ ላይ አኑረው፣ ይህ የአባቴ ነው ብለው ማሉ። ከመሐላው በኋላ ወንድማቸው ቆዳውን በቢላ ተረተረው። ከሥሩ ስንጥቅ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ከእሳቸው ጋር ወደ እኔ መጡ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

«ልጄ፣ ስታስረው ስንጥቁ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ አያ ደምሌ።

የሥራ ቤቱ መታሸግ፣ እስሩ፣ የሚቀርብኝ ትምህርት በአንድ ጊዜ ታዩኝ። «ነበር፣ አያ። ያንኑ ስንጥቅ ነው ያሰርሁት። ከእጄ ከወጣ በኋላ የሆነውን አላውቅም» አልሁ።

ፊታቸው በራ። የመሰከርሁላቸው መስሏቸው «አላልኋችሁም!» እያሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ያሰርሁት የተሰነጠቀውን ከሆነ፣ ይህ ደኅናው ሰደፍ ሌላ ነው ማለት ነው፤ ለውጠው የማሉትም እሳቸው ናቸው። ይህ ገና አልገባቸውም። ትከሻዬን ጨብጠው እንደገና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

በሐሰት የማለ ተባሉ። በማኅበራቸው ጽዋው ሲዞር ያልፋቸው ጀመር። ወንድማቸው ደጃቸውን ሳይረግጥ አያ ደምሌ ሞቱ። በአገሩ ልማድ ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። በእሳቸው ለቅሶ ላይ ጠመንጃ አልወጣም። ይህን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ እግዜር ያሳይህ፣ ሕግ እየተማርሁ ሳለ ነው።

ልጅ ነበርሁ ልበል? ሕጉን ፈርቼ ነው ልበል? ሕጉስ ቢይዘኝ ሰደፍ ለወጥህ ይለኝ ነበር እንጂ ሰው አጠፋህ አይለኝም ነበር። ሰው ያጠፋሁት ከሕጉ ላመልጥ ስል ነው።

የተሰበረውን ሰደፍ እስከ ዛሬ አልጣልሁትም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ይዤው ሳንጃ እወርዳለሁ። ወንድማቸው በሕይወት አለ፤ ስባሪውን ጉንጩ ላይ ቢያስጠጋው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይፍረድብኝ፤ እስርም ከሆነ ልታሰር።

አንተን ግን ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው አንድ ነበሩ፤ እሳቸውም ያደረግሁባቸውን ሳያውቁ እጄን መርቀው ሄደዋል።