የኔታ ተክለ ማርያም የላኩት ጥላሸት

የኔታ ተክለ ማርያም ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ቤተ ልሔም በሚባለው አገራቸው፣ ከደብሩ ሥር ባለው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ብራና ይፍቃሉ፣ ቀለም ይበጠብጣሉ፣ ዳዊት ይጽፋሉ። የጻፉት ገጽ ሲደርቅ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያሹትና ጣታቸውን ወደ ፀሐይ ያነሣሉ። ንጹሕ ከሆነ «ይዟል» ይላሉ። ጠቁሮ ከተነሣ ግን የዚያን ቀን ባይጠጓቸው ይሻላል።

ልጃቸውን አመተ ሥላሴን ንፋስ መውጫ ፊዚክስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ማንም ባይጠይቀኝም ለሁሉም እናገራለሁ። አሁን አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ፉለሪን ስለሚባል ነገር ነው። ስልሳ የካርቦን አተሞች እንደ ኳስ ተያይዘው የሚሠሩት ሲሆን፣ ከጥላሸት ውስጥ ተለቅሞ ይወጣል። እሷ ዱቄቱን አየር በሌለው ዕቃ ውስጥ አትንና በስስ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ሲሊከን ማለት የስልካችን አንጎል የሚሠራበት ነው። ኳሶቹ እርስ በርስ የሚያያዙት ላላ ብለው ስለሆነ፣ ሲሞቁ የላይኞቹ ድርቦች በነው ይሄዳሉ። ሲሊከኑን የጨበጠው የታችኛው ድርብ ግን መቅረት አለበት።

የእሷ አልቀረም። አራት ጊዜ ሞከረች፣ አራቱንም ጊዜ ሁሉም በኖ ሄደ። የምትሠራበት መሣሪያ ለሌላ ተማሪ ሊሰጥ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ በዚያ ጊዜ ካልያዘላት ዓመቱ በከንቱ መቅረቱ ነው።

ይህን በስልክ ለአባቷ ስትነግር ታለቅስ ነበር። የኔታ ከነገሩ ሁሉ የገባቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጥላሸት አለ፣ አልይዝም ብሏል።

«የከተማ ጥላሸት ነዋ! ምኑን አንድደው እንዳጠቆሩት ማን ያውቃል? አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እልክልሻለሁ» አሉ።

በማግስቱ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ስነሣ አንድ ቀንድ ሙሉ ጥላሸት አስያዙኝ። ማለፊያነቱንም እንድታይ፣ ከዚያው ጥላሸት ዓምና በበጠበጡት ቀለም ቁራጭ ብራና ላይ ምርቃት ጽፈውላታል። መሣሪያው ይህን እንደማይቀበል አውቃለሁ፤ ግን ለየኔታ ይህን ለመናገር ምን አንደበት አለኝ? ይዤ ሄድኩ።

አመተ ሥላሴ ቀንዱን ከፍታ ስታይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ብራናውን ዘረጋችና እንደ አባቷ በጣቷ አሸችው። መሀሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ፍንክች አላለም፤ በጠርዙ በኩል ያለው ግን ተፈርፍሮ እጇን አጠቆራት። የኔታ ስቡ በደንብ ባልተፋቀ ጠርዝ ላይ ጽፈው ኖሯል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ስሕተት አይቼባቸው አላውቅም፤ የልጃቸው ለቅሶ ነው ያስቸኮላቸው።

«መምህር፣ ቀለሙ እኮ አንድ ነው» አለችኝ። «የለገመው ቆዳው ነው!»

ሲሊከንም አየር ሲነካው ዓይን የማያየው ስስ ቅርፊት ያበጃል። እሷ ያጸዳችው መስሏት ነበር እንጂ ቅርፊቱ እዚያው ነበር፤ ፉለሪኑም ያረፈው በቅርፊቱ ላይ ነው። በማግስቱ ባዶውን ቁራጭ አየር በሌለው ዕቃ ውስጥ ከወትሮው እጅግ አብልጣ አግላ ቅርፊቱን አስለቀቀችው። ከዚያ ፉለሪኑን አሳረፈችበትና አሞቀችው። የላይኞቹ በነኑ፤ የታችኛው ቀረ። ደውላ ስትጮህ እኔም ሥልጠናው መሀል አብሬያት ጮህኩ፤ አላፈርኩም።

ለፋሲካ ያንን ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ይዛ ቤተ ልሔም መጣች። ልኬቱን ስለጨረሰች ማንም ቢነካው ግድ አልነበራትም። የኔታ ወዲያና ወዲህ አገላበጡት።

«የታለ?»

«እላዩ ላይ ነው፣ አባቴ። በዓይን አይታይም።»

«ጥላሸቴስ ሠራልሽ?»

«ጥላሸትዎ እንከን የለውም። ብራናውን ግን ጠርዙን አልፋቁትም ነበር።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። የኔታን እንዲህ ያላቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ከት ብለው ሳቁ።

«እንዲያ ከሆነማ ስሕተቴ ነው የሠራልሽ!»

ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቁራጩ ላይ ጫን አድርገው አሹትና ወደ ፀሐይ አነሡት። ንጹሕ ነበር።

«ይዟል» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

መምህራኗ ውጤቷን ካጸደቁላት ወር አልፎት ነበር። እልል ያለችው ግን ያን ጊዜ ነው።