በፋይበር የተደፈነ አየር

ሆሳዕና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና አካል የሚደፈንበት የፋይበር ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሲወጋኝ የአባቴ አሮጌ መኪና ትዝ አለኝ። አባቴ ጅብ የማይፈራ፣ ንፋስ ግን የሚፈራ ሰው ነበር። ንፋስ ይመታኛል ብሎ የዳሽቦርዱን የአየር መውጫዎች በሙሉ በፋይበር አስደፍኖ፣ ጥቁር ቀለም አስቀብቶ፣ እንደ ትልቅ ፈጠራ ለጎረቤት ያሳይ ነበር።

አንድ ክረምት ከአዲሎ ወደ ዱራሜ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ትንፋሻችን የፊት መስታወቱን አደበዘዘው። እናቴ ሻሿን ፈትታ ትወለውላለች፤ እሱ መንገዱ ሳይታየው "መስኮት እንዳትነኩ፣ ንፋስ ገዳይ ነው" ይላል። ወዲያው ቦይ ውስጥ ገባን። እናቴ የተመታ ግንባሯን ይዛ፣ "እናንተ ቤት አየርም እንደ ሌባ ነው የሚታየው" አለች። እኔ ስለ መኪናው ብቻ የተናገረች መስሎኝ ነበር።

ዛሬ እዚህ ጋራዥ የመኪናውን የአየር መውጫዎች የሚያስደፍነው ወንድሜ ነው። "በቦታው ትልቅ ስክሪን ላስገጥም ነው፣ ዘመናዊ ይሆናል" አለኝ፤ ከአባታችን የተሻለ መስሎት። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ሚስቱ ሽታው ሲያፍናት መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት "ዝጊው፣ ንፋስ ይገባል" አላት።

ዘጋችው። የምትወለውልበት ሻሽ እንኳ አላሰረችም።